እቅጩን ንገሩኝ ያለችው እጸገነት

ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ስንሠራው የነበረው ክትባት የአንድም ሰው ክንድ ላይ አልደረሰም። ይኼን የምለው ወሬዬን ስጨርስ «ታዲያ ስንት ሰው አዳነ?» እንዳትሉኝ ነው። አይጦች ተወጉት፣ አይጦቹ ደህና ሆኑ፣ ከዚያ ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ሐሳባቸውን ቀየሩና ላብራቶሪው ተዘጋ። በቃ። እኔ ማውራት የፈለግሁት ስለ እጸገነት ፀሃዬ ነው። ሥራዋን ግን ዘልዬ ስለ እሷ ማውራት አልችልም፤ የሆነው ሁሉ የሆነው ሥራዋ ላይ እንዳለች ነው።

እጸገነት የቂርቆስ ልጅ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ገባ ብሎ፣ በቀበሌ ቤት ተወልዳ እዚያው ያደገች። ዛሬም እዚያው ናት። አባቷ አቶ ፀሃዬ ከአክሱም በኩል በወጣትነታቸው መጥተው፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ቤት ውስጥ ትግርኛ፣ ደጅ ላይ አማርኛ ነው የሚነገረው። አባትየው ሲቆጡ በትግርኛ፣ ሲቀልዱ በአማርኛ ነበር። እሷም ያንኑ ወርሳለች፤ ላብራቶሪ ውስጥ በትግርኛ ስታጉረመርም ከሰማሁ ቀስ ብዬ ከፊቷ ዞር እል ነበር። ባቡሩ ከቆመ በኋላ እንኳ ሰውየው ክራቫታቸውን አስረው ጠዋት ጠዋት ለገሃር ድረስ ሄደው ይመለሱ ነበር። «ምን ሊሠሩ ነው የሚሄዱት?» ስላት «ባቡሩ ቢመጣስ ብሎ ነዋ!» ትለኝና ትስቃለች። ሌላ ልጅ የላቸውም፤ እሷም እዚህ ከተማ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ዘመድ አልነበራትም።

እናቷ ወይዘሮ መድኃኒት የሞቱት እሷ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልትፈተን ስትል ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ መከረ። «ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ» ተባለ። እናትሽ ጠበል ሄዳለች ብለው ወሎ ሰፈር የአባቷ ጓደኛ ቤት አስቀመጧት። ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ በር ተንኳኳና ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እናቷ ከተቀበሩ ሰንብተው ነበር። «እናቴን አፈር ሲያለብሷት እኔ ሒሳብ እየሠራሁ ነበር፤ ያውም አሳምሬ ነው የሠራሁት» አለችኝ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን። መርዶን ሰውሮ ማቆየት፣ አለዝቦ ማርዳት የአገራችን ደንብ ነው። ደግነትም አለበት፣ አልክድም። እሷ ግን አምርራ ጠላችው።

እኔና እሷ የተገናኘነው ካዛንቺስ ነው። ከቶታል ወረድ ብሎ አንድ የድሮ ቪላ ተከራይተው ላብራቶሪ አደረጉት። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ሌላ ሰው ይነግድበታል። ያ የአሳማ ጉንፋን የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ዓለሙን ያስጨነቀበት ዘመን ነበር። አለቃችን ዶክተር ታዲዎስ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ነው። «ሀብታሞቹ ለራሳቸው ሠርተው ሲተርፋቸው ነው ለእኛ የሚልኩልን፤ እኛም እንሞክረው» አለና ከሆነ ቦታ ገንዘብ አገኘ። አብዛኛው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚሠራው ቫይረሱ በዶሮ እንቁላል ውስጥ እያደገ ነው። ለዚህ የሚሆን ንጹሕ እንቁላል ደግሞ ከየት እናመጣለን? ስለዚህ በሴል ላይ አሳደግነው፤ ድሮ ከውሻ ኩላሊት ተወስዶ እስከ ዛሬ በጠርሙስ ውስጥ የሚራባ ሴል አለ። ይኼን ለእናቴ በጾም ቀን ብነግራት «በስመአብ! ሂጂ እጅሽን ታጠቢ!» ብላ ከገበታ አስነሳችኝ።

ቫይረሱ ሴሉን በልቶ ሲጨርስ ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ድፍርስ ውሃ ነው። በኬሚካል ይገደላል፤ ክትባት የሚሆነው የሞተው ቫይረስ ነው። ግን ከቫይረሱ ጋር የሴሉ ቁርጥራጭ፣ ሴሉ ሲመገበው የነበረው ነገር፣ ስንት ጉድ አብሮ አለ። ያንን ሰው ላይ አይወጉም። እንግዲህ ማጥራት የሚባለው ይኼ ነው፣ የእጸገነት ሥራ። ቆሻሻው መጀመሪያ በማጣሪያ ይወጣል። ከዚያ ቀጫጭን ቱቦ ውስጥ የስኳር ውሃ ይሞላል፤ ወፍራሙ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ፣ ሳይደባለቅ። ከላዩ ላይ ያ ፈሳሽ ይጨመርና ሴንትሪፉጅ የሚባል ማሽን ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ይሽከረከራል። ማሽኑ ሲቆም ቫይረሱ ስኳሩ መሐል አንድ ቦታ ተሰብስቦ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ይሆናል። ያንን መስመር ሳይበጠብጡ በመርፌ መሳብ ነው። እጅ ከተንቀጠቀጠ የሳምንታት ልፋት ገደል ገባ። ቆይቶ ልሳበው ቢሉም መስመሩ ይደበዝዛል። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። የእሷ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ስትስብ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም።

ሰፈር ውስጥ «ቫይረስ አጣቢዋ» ነበር የሚሏት። አንዳንዶቹ እሷ የጠጣችበትን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ ያጥቡታል። እሷም ይኼን ስላወቀች ሆን ብላ ታስነጥስባቸዋለች። እንዲህ ያለች ነገረኛ ናት።

ከዚያ የአቶ ፀሃዬ ልብ ደከመ። እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ደግሞ ይሻላቸዋል። እሷ ሥራ ስትውል የሚጠብቋቸው ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረዋህድና ሚስታቸው እማማ ብርነሽ። አንድ ክረምት ላይ ማሽኑ እየዞረ ሳለ ስልክ ተደወለ፤ «አባትሽን ትንሽ አሞታልና ነይ።» በዚህ አገር ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ጋውኗን ሳታወልቅ ሮጠች። መስመሩን ለመሳብ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ አንድም ቱቦ አልተረፈልኝም። እሷ ቤት ስትደርስ አባቷ አልጋቸው ላይ ተደላድለው ፓስታ ይበላሉ። «ምነው? በሥራ ሰዓት ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አሏት። እውነትም ትንሽ ነበር ያመማቸው።

በሚቀጥለው እሁድ እድርተኛው ሲሰበሰብ ሄዳ መሐል ቆመች። እማማ ብርነሽ እንደነገሩኝ እንዲህ ነው ያለችው፦ «አባቴን ትንሽ ካመመው ትንሽ አመመው በሉኝ። ከጠናበት ጠናበት በሉኝ። ከሞተም ሞተ በሉኝ። እቅጩን ንገሩኝ። እንደ እናቴ እንዳታደርጉኝ።»

«ኧረ አትሟርቺ!» ተባለ። ያማተቡም አሉ። አቶ ገብረዋህድ ቀና ብለው «ልጄ፣ ቃል እኮ ሰው ይገድላል። ዝም ተብሎ አይወረወርም» አሏት።

«ጋሼ፣ እናቴን ሳልቀብር ያስቀረኝ የእናንተ ለስላሳ ቃል ነው። በቂርቆስ ይማሉልኝ» አለች።

ማሉ። እሳቸው በቂርቆስ ከማሉ ደግሞ አለቀ፤ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሲጣላ ምስክር የሚጠራው እሳቸውን ነው።

ያ ቀን የመጣው መብራት በፈረቃ በሆነበት ወቅት ነው። ሙከራዎቻችንን አንድ በአንድ የመብራት መቋረጥ በልቷቸው የቀረን የመጨረሻ ዙር ፈሳሽ ነበር። ገንዘብ ሰጪዎቹ በዚያው ሳምንት ሊመጡ ነው፤ የሚያዩት ነገር ካጡ ይዘጉታል። ይኼን ዶክተር ታዲዎስ ጠዋት ጠዋት ስለሚደግመው እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። እጸገነት ቱቦዎቹን ሞላች፣ ማሽኑን አስነሳች፣ የማሽኑን ክፍል ከሚለየው መስተዋት ውጭ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጠን ድምፁን ማዳመጥ ያዝን። የዚያ ማሽን ድምፅ ትንሽ ከተለወጠ ልባችን ነው የሚወርደው።

ከምሳ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እሷ አነሳችው። አቶ ገብረዋህድ ናቸው፤ ስልክ ላይ ጮክ ብለው ስለሚያወሩ ለእኔም ይሰማኛል።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። አባባ ደህና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሽ ደከም ብሎታል። ሲመችሽ ብትመጪ ደስ ይለዋል።»

እጸገነት ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ጋሼ፣ ትንሽ ነው? በቂርቆስ ምለውልኛል፣ እቅጩን ይንገሩኝ።»

እስትንፋሳቸው ይሰማል። «ትንሽ ነው ልጄ፤ ደከም ብሎታል ነው ያልኩሽ። ሲመችሽ ነይ።»

«እሺ፣ ሥራዬን ጨርሼ እመጣለሁ። ብዙ አይቀረኝም።»

«እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» አሉና ዘጉ።

«ተነሽ ሂጂ!» አልኳት፣ ስልኩን ሳትሰቅል።

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? አበሻ ደውሎ ትንሽ ደከም ብሎታል ካለሽ ምን ማለት እንደሆነ አጥተሽው ነው?»

«ምለዋል እኮ፣ ጦቢያ።»

«ቢምሉስ! ኧረ በእናትሽ ሂጂ። እኔ እንደምንም እስበዋለሁ።»

እጄን አየችው። እኔም አየሁት። «ባለፈው ትንሽ ነው ብለውኝ ሮጥኩ፣ ትንሽ ነበር» አለች። «አሁን ደግሞ ምለው ትንሽ ነው አሉኝ። እቅጩን ንገሩኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ነግረውኝ ካላመንኩ ታዲያ ለምን አስማልኳቸው?»

እልህ ያዘኝና ወጥቼ ዶክተር ታዲዎስን ጠራሁት፤ ሂጂ ይላታል ብዬ ነው። መጣ፣ ሰማ፣ መነጽሩን አወለቀ። «ውሳኔው ያንቺ ነው እጸገነት፤ እኔ ምንም አልልም» አለ። ይኼን ሲል ግን ዓይኑ ማሽኑ ላይ ነበር። «ሂጂ» ብሎ ቢያዛት ትሄድ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይኼን እላለሁ። ለእሱም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። እሷ መልሳ ተቀመጠች።

ትንሽ ቆይታ ግን አላስችል አላትና አቶ ገብረዋህድ ጋ መልሳ ደወለች። ይጠራል፣ ማንም አያነሳም። «ተኝቶላቸው ወጣ ብለው ይሆናል» አለች። ሁለተኛ ደወለች። ያው ነው። ሦስተኛ ልትደውል ስትል መብራት ድርግም አለ። ሁለታችንም ዘለን ተነሳን። ማሽኑ ከባድ ስለሆነ ወዲያው አይቆምም፤ ድምፁ ግን እየወረደ፣ እየወረደ ነው። ጋሽ ፍሰሃ፣ ዘበኛችን፣ ጓሮ ሆኖ የጄኔሬተሩን ገመድ እየጎተተ ይሳደባል። እጸገነት መስተዋቱ ላይ ግንባሯን አድርጋ «ተነስ፣ ተነስ፣ ተነስ» ትላለች። ተነሳ። ከዚያ በኋላ ስለ ስልክ አላነሳንም።

ማሽኑ በሰላም ዞሮ ቆመ። የመጀመሪያውን ቱቦ አውጥታ ወደ ብርሃኑ ስታነሳው መስመሩ አለ! ነጣ ያለ፣ ጥርት ያለ። በሁሉም ቱቦ ውስጥ እኩል ቦታ ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም። አንድ በአንድ ሳበችው፤ አንድም አልተበጠበጠባትም። ዶክተር ታዲዎስ ከውጭ ሆኖ መስተዋቱን በመዳፉ እየመታ «አንበሳ! አንቺ አንበሳ!» ይላል። ጭንብሏን አውልቃ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ልቤ ስላልተረጋጋ አብሬያት ወጣሁ። ለገሃር በሚል ታክሲ ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ስታወራ ነበር፤ ስለ መስመሩ፣ ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለ ጋሽ ፍሰሃ ስድብ። «ለአባባ ‹ዛሬስ ባቡሩ መጣ› ነው የምለው፤ እሱ ይገባዋል» አለችኝ። ከታክሲ ወርደን በእግራችን ወደ ቂርቆስ አቀናን። ሰፈሯ ስንደርስ ሁልጊዜ ሰላም የሚሏት ሰዎች ሰላም ሳይሏት ገለል ይላሉ። እኔ ገባኝ። እሷ ገና እያወራች ናት።

መንገዱ ሲጠብ ከፊታችን የእድሩ ወጣቶች የድንኳን ብረት ተሸክመው ይሄዳሉ። «ማን ሞቶ ይሆን? ነፍስ ይማር» አለችና አማተበች። ክንዷን ያዝኩት። ልጆቹ ወደ እሷ ግቢ ታጠፉ። አንዱ ዞር ሲል አያትና ብረቱን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። እሷም ንግግሯን አቆመች። ከዚያ ያለውን አልናገረውም፤ ሆድ ይፍጀው።

በማግስቱ አባቷን ቀበረች። በዚህ በኩል እንደ እናቷ አልሆነም። ግን እሷ የፈለገችው ቀብር ብቻ አልነበረም፤ በሕይወት ሳሉ እጃቸውን ልትይዝ ነበር የፈለገችው። ከአጠገቧ አልተለየሁም። ሰው ሲቀንስ ጆሮዬ ስር ጠጋ ብላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እየጠበቀኝ ነበር?»

«የለም» እላታለሁ። «ሲደውሉልሽ አባትሽ አልፈው ነበር። ይኼ እኮ የታወቀ ነው፤ ትንሽ ደከመው የሚባለው የሞተ ሰው ነው። በክንፍ ብትበሪም አትደርሺባቸውም ነበር።»

ለማጽናናት ብቻ አይደለም፣ አምኜበት ነው። እሷም ያዘችው። «እንግዲያው ዋሹኝ። በቂርቆስ ምለው ዋሹኝ» እያለች ተቆጣች። ቁጣው ከጸጸቱ ይሻል ነበር፤ በቁጣ ውስጥ ሆና ውሃ ጠጣች፣ ትንሽ እህልም ቀመሰች። እኔም አቶ ገብረዋህድን ጠምጄ ያዝኳቸው፤ ሲገቡ ሰላም አልልም፣ ሲወጡ ፊቴን አዞራለሁ።

የሠልስት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ አቶ ገብረዋህድና እማማ ብርነሽ መጥተው አግዳሚው ላይ ከፊቷ ተቀመጡ። እጸገነት ድምጿን ሳታነሳ «ጋሼ፣ ምለው ዋሹኝ። ሞቶ ነው የደወሉልኝ» አለች።

ሽማግሌው ደነገጡ። «እኔ? እኔ ዋሸሁሽ? ልጄ፣ ስደውልልሽ ነበረ እኮ። ነፍሱ ነበረች።» ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «አጠገቡ ቆሜ ነው የደወልኩት። ዓይኑን ገልጦ ያየኛል፣ ይሰማኛል። እሱ እየሰማ ሊሞት ነውና ድረሺ ልበል? እንዴት ይወጣል ከአፍ? ደከም ብሎታል አልኩሽ። ውሸት እንዳይሆንብኝም ተጠንቅቄ ነው ያልኩት። ትረዳኛለች ብዬ… ማንም ሰው ይረዳዋል ብዬ። ቆይተሽ ስትደውዪ ቄሱ ገብተው ነበር፤ አልሰማሁትም።»

ሳጽናናት የሰነበትኩት ሁሉ በአንድ አፍ አለቀ። የምገባበት ጠፋኝ። አባቷ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው፤ እኛ ማሽን ስናዳምጥ፣ ተነስ ተነስ ስትል፣ በሕይወት ነበሩ። እጸገነት አላለቀሰችም። ጣቶቿን አቆላልፋ ጭኗ ላይ አደረገችና ጠየቀች።

«ጠርቶኝ ነበር?»

እማማ ብርነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። አቶ ገብረዋህድ መሬት መሬት እያዩ ጉልበታቸውን አሹት። ሰውየው ምን ሊሉ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እሳቸው ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። በመጨረሻ ቀና ብለው ዓይኗን አዩ።

«አልጠራሽም» አሉ። «ተኝቶ ነው ያለፈው። ምንም አላለም፤ በሰላም ነው።»

የእማማ ብርነሽ ትከሻ በነጠላው ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ አየሁ። ከፊቷ ናቸው፣ እሷም አየች። አሁን ትነሳለች፣ በቂርቆስ ይማሉልኝ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን እጅ ሳመች። «እሺ ጋሼ» አለች፤ «ተኝቶ ነው ያለፈው።»

ከዚያ በኋላ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አባቴ ተኝቶ ነው ያለፈው እያለች ራሷ ትነግር ጀመር።